በእጥበት ወንበር ላይ የሚድነው በሽታ

ኩላሊቱ ሥራ ላቆመበት ሰው ሕክምና የሚሰጠው አብዛኛው ነገር ማቆያ ነው። የደም ግፊቱ በክኒን ይያዛል እንጂ አይጠፋም። የደም ማነሱ በመርፌ ወይም በለጋሽ ደም ይደገፋል። የኩላሊቱን ሥራ ማሽን ተረክቦ ይሠራል እንጂ ኩላሊቱን አይመልሰውም። ከዚህ ሁሉ ጣጣ መሀል ግን በ12 ሳምንት ክኒን ከሥሩ የሚነቀል አንድ በሽታ አለ፤ ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ሲ። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው። በኩላሊት እጥበት ላይ ባሉ ሕመምተኞች ዘንድ ለዓመታት ወደ ጎን ሲገፋ የኖረው፣ ሊድን የሚችለው በሽታ ነው።

ጉዳዩን ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። የሕክምና አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ቆመው ሲያዩት የተሟላ ሊመስል ይችላል። እውነተኛ ልኩ የሚታወቀው ግን ከመንገዱ ጫፍ ላለው ሰው ምን ያህል እንደ ደረሰ ሲጠየቅ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን

የቦረና ወረዳ ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ የለጋምቦን ውርጫማ ደጋ በአቀስታ በኩል ያቋርጣል። ከከተማዋ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ማዶው ጎጃም ነው። መካነ ሰላም ሆስፒታል አላት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ ግቢ አለው። ይሁን እንጂ ከወግዲ ወይም ከሳይንት ለሚነሣ ታማሚ መካነ ሰላም መድረስም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

የኩላሊት እጥበት በደንቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በዓመት 156 ጊዜ ማለት ነው። ለአንዱ ጊዜ ብቻ ከ100 ሊትር በላይ የተጣራ ውኃና የማይቋረጥ መብራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማሽኑ ደሴም ይገኝ፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም፣ ከቦረና ለሚነሣው ገበሬ ትርጉሙ አንድ ነው። ተመላልሶ መታከም አይችልም፤ ኑሮውን ነቅሎ መሄድ አለበት። በሬው ይሸጣል፤ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ ከቤተሰቡ አንዱ አስታማሚ ሆኖ ይከተለዋል፤ ከተማ ውስጥ ቤት ይከራያሉ። ገንዘቡ ሲሳሳ ሦስቱ ቀን ሁለት፣ ሁለቱ አንድ ይሆናል። ዋጋው ቀለል ያለ ማዕከል ተገኘ ሲባል ወደዚያ ይዞራል፤ ተራው ሲያልፈው ወደ ሌላው።

አቅም ያላቸው እንኳ በዚህ መንገድ ርቀው አይሄዱም ነበር። በአዲስ አበባው ቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2010 የታጠቡ 91 ሕመምተኞችን የተከታተለውና በ2013 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በእጥበት ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩት ከግማሽ በታች ነበሩ። እነዚህ በዋና ከተማ፣ በግል ሆስፒታል፣ ከኪሳቸው ከፍለው የታከሙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ብሔራዊው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሥራ ጀምሯል። በክልል ከተሞችም የእጥበት ማሽኖች ተተክለዋል። የቦታው ርቀትና የወጪው ክብደት ግን ባሉበት ናቸው።

ይህ መንከራተት የኪስ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ የሚተላለፈው በደም ነው፤ እጥበት ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደምን ከሰውነት አውጥቶ የሚመልስ ሕክምና ነው። ማዕከል የቀየረ ሰው አዲስ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አዲስ እጅ ይነካዋል፤ አዲስ ጎረቤትም ያገኛል። ያልተመረመረ ከሆነ ከቀድሞው ማዕከል ይዞት የመጣውን አያውቅም፤ ወደሚቀጥለው ይዞት የሚሄደውንም እንዲሁ።

ቫይረሱ በማን እጅ ይገባል?

ብዙ ሰው ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ማሽኑ ይመስለዋል። ማስረጃው የሚያመለክተው ግን ወደ ሰው እጅ ነው። ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ሲታለፍ ያልተቀየረ ጓንት፣ ለብዙ ሰው የሚቀዳበት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው የሄፓሪን ብልቃጥ፣ በፈረቃ መሀል በጥድፊያ ያልተወለወለ የወንበር ክንድ፣ ከታማሚ ታማሚ የሚገፋ የመድኃኒት ጋሪ፤ የታወቁት መንገዶች እነዚህ ናቸው። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ጠብታዋም በዓይን ላትታይ ትችላለች።

በዚህ ምክንያት ኬዲጎ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ አካል አንድ ነገር በግልጽ ይላል፤ ሄፓታይተስ ሲ ላለበት ሰው የተለየ ማሽን ወይም የተለየ ክፍል አያስፈልግም። የተለየ ማሽንና ክፍል የሚያስፈልገው ለሄፓታይተስ ቢ ነው። እንግዲህ የሄፓታይተስ ሲ ውጤት ይዞ የመጣን ታማሚ “ለአንተ የሚሆን ማሽን የለንም” ብሎ መመለስ ሳይንስ አያግዘውም። መመለሱ ሌላም ጉዳት አለው፤ ታማሚውን ውጤቱን እንዲደብቅ ያስተምረዋል።

በበርካታ አገሮች የእጥበት ማዕከሎችን የሚከታተለው ዶፕስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከአሥር ታጣቢዎች አንዱ ያህል የሄፓታይተስ ሲ ምልክት በደሙ እንደ ተገኘበት መዝግቧል። በኢትዮጵያ ጠቅላላ ሕዝብ ያለው ሥርጭት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳስቀመጠው፣ ወደ 3.1 በመቶ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ደግሞ 7.4 በመቶ። ታጣቢው ከሌላው ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ደም ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜም ይወጋል። ሸክሙ በእሱ ላይ ቢከብድ አያስገርምም።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ቫይረሱ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ተጨማሪ በሽታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በጉበት ላይ ጠባሳ ፈጥሮ ወደ ሲሮሲስና ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል። በታጣቢዎች ላይ የሞት አደጋን ይጨምራል። ንቅለ ተከላ ቢገኝ እንኳ፣ አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይጥለው የሚሰጠው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቫይረሱ ይበረታል። አንዳንዴም መነሻው ራሱ ነው፤ ሄፓታይተስ ሲ የኩላሊትን ማጣሪያ አቁስሎ ለእጥበት የሚዳርግበት ጊዜ አለ።

መድኃኒቱ መጣ፤ ኩላሊት ግን ተገለለ

ቫይረሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ለዚህ ሥራ ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከግኝቱ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሕክምናው የኢንተርፌሮን መርፌና፣ ቆይቶም የተጨመረው፣ ሪባቪሪን የተባለ ክኒን ነበር፤ አንዳንዱን እስከ 48 ሳምንት ያቆየዋል። ለታጣቢ ይህ መድኃኒት ከበሽታው አይሻልም ነበር። ሪባቪሪን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው፤ ሲጠራቀም ቀይ የደም ሕዋስን ይሰባብራል። ታጣቢው ደግሞ ቀድሞውኑ ደሙ ያነሰ ነው። ሐኪሞች “ጉበትህ ይቆይ፣ መጀመሪያ ኩላሊትህን እንያዝ” ማለታቸው በዚያ ዘመን ምክንያት ነበረው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ሶፎስቡቪር የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ሲፈቀድ ዘመኑ መለወጥ ጀመረ። በመርፌ ፈንታ ክኒን፣ በዓመት ፈንታ 12 ሳምንት፤ የሚድነውም ከመቶ ከዘጠና በላይ። ዋጋው ግን ለአንድ ሰው 84 ሺህ ዶላር፣ ለአንዲት ክኒን አንድ ሺህ ዶላር ነበር። ከዋጋው ሌላ ለኩላሊት ሕመምተኛ ተጨማሪ በር ተዘጋበት። የመድኃኒቱ ዝቃጭ የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎች እንዲሰጥ መግለጫው አልፈቀደም።

በሩን የከፈቱት በተከታታይ የመጡ ጥናቶች ናቸው። ኤልባስቪርና ግራዞፕሬቪር የተባሉት፣ በአብዛኛው በጉበት በኩል የሚወገዱት መድኃኒቶች፣ ኩላሊታቸው በከፋ ደረጃ በተጎዳ ሰዎች ላይ ተሞክረው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት ከ116 ሰዎች 115ቱ ከቫይረሱ ነጻ ሆኑ። በ2017 ግሌካፕሬቪርና ፒብሬንታስቪር በ104 ሰዎች ላይ ተሞክረው 98 በመቶው ዳኑ፤ አብዛኞቹ ታጣቢዎች ነበሩ። ሶፎስቡቪር ራሱ ከቬልፓታስቪር ጋር ለ59 ታጣቢዎች ተሰጥቶ 56ቱ ድነዋል። በኅዳር 2019 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በሶፎስቡቪር ላይ የነበረውን ገደብ አነሣ። የኬዲጎ የ2022 መመሪያም አረጋገጠው፤ ታጣቢ መጠኑ ሳይቀነስለት እንደ ማንኛውም ሰው መታከም ይችላል።

ስለዚህ “ኩላሊት ስላለብህ መድኃኒቱን አትችለውም” የሚለው ቃል ጊዜው አልፎበታል። ዛሬም የሚነገር ከሆነ የሚናገረው ሳይንሱ ሳይሆን የቆየ ልማድ ነው።

ሦስት ብልቃጥ

ዋጋውም እንደዚያው ወርዷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሶፎስቡቪር ባለቤት ኩባንያ ጊሊያድ ለሕንድ ፋብሪካዎች በሰጠው ፈቃድ፣ ኢትዮጵያ ርካሹን አቻ መድኃኒት መግዛት ከሚችሉ አገሮች አንዷ ናት። በቅርብ ዓመታት ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር ለአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና እስከ 60 ዶላር በወረደ የግዥ ዋጋ ለድሀ አገሮች ቀርበዋል። ለሁሉም የቫይረሱ ዓይነቶች ስለሚሠሩ፣ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘውን ዓይነት 4 ጨምሮ፣ ዓይነቱን ለመለየት ውድ ምርመራ አያስፈልግም።

ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ሲጣመሩ ሙሉው ሕክምና 84 ክኒን ነው፤ በየቀኑ አንድ። 28 ክኒን በያዘ ብልቃጥ ሦስት ብልቃጥ ይሆናል፤ በኪስ ይገባል። ሕክምናው ተጀምሮ እስኪያልቅ ታጣቢው የሚታጠበው 36 ጊዜ ብቻ ነው። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ነርስ ፊት ስለሚቀመጥም፣ ክኒኑን መዋጡን ለመከታተል ከእሱ የቀለለ ታካሚ የለም። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። በሰሜኑ ጦርነት የመቐለው ዓይደር ሆስፒታል የእጥበት ክፍል በአቅርቦት እጦት ምን ያህል እንደ ተፈተነ፣ የደሴው ሆስፒታልም በ2014 ዓ.ም. እንዴት እንደ ተዘረፈ ይታወሳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ያለው ግጭት ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል። እጥበት መንገድ፣ ውኃና መብራት ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል። የጉበቱን መድኃኒት ግን ለ12 ሳምንት አንድ ጊዜ ቆጥሮ መስጠት ይቻላል።

ጥንቃቄ አይፈልግም ማለት ግን አይደለም። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግድ ነው፤ ሁለቱም ያለበት ሰው ሲው ሲጠፋለት ቢው ሊነሣበት ይችላል። ቢ በ7.4 በመቶው ሕዝብ ውስጥ በሚገኝበት አገር ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ቬልፓታስቪር በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ስለሚውጠው በመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ አይጽፈውም። የቲቢው ሪፋምፒሲን ከእነዚህ ክኒኖች ጋር አብሮ አይሄድም። አንዳንድ የልብ ምትና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ታጣቢ ብዙ መድኃኒት ስለሚወስድ ይህን የሚፈትሽ ፋርማሲስት ያስፈልገዋል።

ምርመራው ቅርብ ነው

ለመታከም መመርመር ይቀድማል፤ መመርመር ደግሞ ሁለት ደረጃ አለው። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ሰውነት ለቫይረሱ የሠራውን አንቲቦዲ ያሳያል። ይህ ምልክት ሰውየው ከዳነ በኋላም አይጠፋም፤ በአንጻሩ አንዳንድ ታጣቢ መከላከያው ስለ ደከመ ቫይረሱ እያለበት ምልክቱ ላይታይ ይችላል። ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያረጋግጠው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አንቲቦዲ ብቻ አይቶ የዳነን ሰው እንደ ታማሚ ማራቅም፣ ታማሚን እንደ ጤነኛ ማሳለፍም ይቻላል።

የቫይረስ መጠን ምርመራ ሲባል አዲስ ቤተ ሙከራ መገንባት የሚመስለው አለ። አይደለም። ለቲቢ ምርመራ በሆስፒታሎቻችን የተተከለው ጂን ኤክስፐርት ማሽን፣ ካርትሪጁ ከተቀየረለት የሄፓታይተስ ሲን ቫይረስ ይቆጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ካርትሪጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ብቁ ብሎ መዝግቦታል። በደቡብ ወሎ ይህ ሥራ በደሴና በቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች ከተደራጀ፣ ከመካነ ሰላም የሚላከው ሰው ሳይሆን ናሙናው ይሆናል። ለኤች አይ ቪ የለመድነው አሠራር ነው።

መመርመር የሚዘገይበት ሌላም ምክንያት በመንደር አለ። የጉበት ሕመም በብዙው ዘንድ የወፍ በሽታ ተብሎ ይታወቃል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ብቻ ነው የሚፈራው። ሄፓታይተስ ሲ ግን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ዓይን ሳያቢጭ ይኖራል። ቢጫነት የታየበትም ቀድሞ ወደ ባሕል ሐኪም ይሄዳል፤ ከሚጠጡት ሥራ ሥሮች መሀል ለደከመ ኩላሊት መርዝ የሚሆኑ አሉ። በጋራ ምላጭ የሚደረግ ዋግምት፣ የድድ ንቅሳት፣ እንጥል ማስቆረጥና ባልተቀቀለ መሣሪያ የሚሰጥ መርፌ ደግሞ ቫይረሱን የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚሰጠው ትምህርት ይህ ሊቀር አይገባም።

“ለሚሞት ሰው” የሚለው ክርክር

በግልጽ ባይነገርም አንድ ክርክር አለ፤ ዕድሜው በእጥበት ላለ ሰው ለጉበቱ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው የሚል። ክርክሩ በሦስት ነገር ይወድቃል።

አንደኛ፣ ይህ ሕክምና የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ቫይረሱ የጠፋለት ታጣቢ በጎን ወንበር ላለው፣ ለነርሷና ከእሱ በኋላ በዚያው ወንበር ለሚቀመጠው ሁሉ ስጋት መሆኑ ያበቃል። በሄፓታይተስ ሲ ላይ ክትባት ስለሌለ፣ ከጽዳት ቀጥሎ ያለን መከላከያ ማከም ነው። ሁለተኛ፣ ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ ሰው ይህ በር መክፈቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ኩላሊት በአብዛኛው የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፤ የወንድሙን ኩላሊት የሚቀበል ሰው ጉበቱን አስቀድሞ ማዳን ስጦታውን መጠበቅ ነው። ሦስተኛ፣ ቫይረሱን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የሕክምና ተቋሙ ራሱ ነው። ለመዳን በመጣበት ወንበር ላይ የተያዘን ሰው “ሂሳብህን ክፈል” ማለት ፍርድ አይደለም።

ግብፅ ይህን ዕዳ ተቀብላ ከፍላለች። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ቢልሃርዝያን ለማጥፋት በተካሄደ የመርፌ ዘመቻ፣ በደንብ ባልተቀቀሉ መርፌዎች ቫይረሱ በሕዝቡ ውስጥ ተሰራጨ፤ የእጥበት ማዕከሎቿም ክፉኛ ተጎድተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመረች፤ የተገኘበትንም በነጻ አከመች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ የወርቅ ደረጃ ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር አላት። የኢትዮጵያ ታጣቢዎች ቁጥር ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እፍኝ ነው፤ ሁሉም በስምና በወንበር ይታወቃሉ። አገር አቀፍ ዘመቻ ከባድ ቢሆን እንኳ ከእጥበት ክፍሎች መጀመር ከባድ ሊሆን አይችልም።

የሚቀረው ማን ይክፈል የሚለው ነው። ደቡብ ወሎ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር። መድኑ ዛሬ ብዙ ገበሬ ያቀፈ ቢሆንም፣ ቋሚ የኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ በሽፋኑ ውስጥ ሳይገቡ ቆይተዋል። እጥበትን መሸፈን ትልቅ ወጪ መሆኑ አይካድም። የአንድ ጊዜ የ84 ክኒን ወጪ ግን ከዚያ ጋር አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ሁለቱን በአንድ “አይሸፈንም” ሥር መደርደር ስሕተት ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥቂትና ግልጽ ነው። ማንኛውም ታማሚ የመጀመሪያ እጥበቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ማዕከል ሲቀይርና በየስድስት ወሩ ለሄፓታይተስ ሲ ይመርመር። አዎንታዊ ውጤት ለመመለስ ምክንያት አይሁን። የቫይረስ መጠን ምርመራ በጂን ኤክስፐርት በዞን ደረጃ ይጀመር። ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ለታጣቢዎች የሄፓታይተስ ሲን መድኃኒት ከእጥበቱ ለይተው ይሸፍኑት። ማዕከሎችም በየዓመቱ ስንት ሰው እንደ መረመሩና በወንበራቸው ላይ ስንት አዲስ ሰው እንደ ተያዘ ለሕዝብ ያሳውቁ።

ዓለም ሄፓታይተስን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለመግታት ቃል ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ሄፓታይተስ ሲ ወደ 240 ሺህ ሰው ገድሏል። ቦረናን፣ ወግዲንና ሳይንትን በተመለከተ ቃሉ የሚፈተነው በአንድ ነገር ነው። ከዚያ ደጋ ለእጥበት የሚወጣ ሰው ውጤቱን አውቆ ይውጣ፤ ቫይረሱ ከተገኘበትም ሦስቱ ብልቃጥ ያለ ክፍያ ይሰጡት። የኩላሊቱን ዕዳ መንግሥት ገና አልቻለውም። የጉበቱን ግን ይችላል፤ ሊከፍለውም ይገባል።